በግቢያችን የሚፈለፈሉትን ወፎች እንርዳ



በዛሬው ትምህርታችን ስለ ወፎች እናነባለን። ወፎች ጎጆ ሠርተው፣ እንቁላል ጥለው፣ ጫጩት በሚያሳድጉበት ወራት እንዴት እንደምንረዳቸው እንማራለን። ትምህርቱ በየካ፣ በኮተቤና በእንጦጦ ግርጌ እንዲሁም ከእንጦጦ ጀርባ ለሚያርሱ ወገኖች እንዲመች ሆኖ ተዘጋጅቷል። ሌላም አገር ያለ ገበሬ ቢያነበው ይጠቅመዋል እንጂ አይጎዳውም። ማንበብ የቻለ ላልቻለው ጮክ ብሎ ያንብብለት። ልጆችም አጠገብ ይቀመጡ፤ ነገሩ እነሱንም ይመለከታል።

1. ወፎች የሚራቡት መቼ ነው?

በአውሮፓ ብርዱ በጣም ከባድ ነው። በብርዱ ወራት ዛፉ ቅጠሉን ያራግፋል፣ ትሉም ከመሬት በታች ይደበቃል። ብርዱ ሲያልፍ ቅጠሉ ይመለሳል፣ ትሉም ይወጣል። ስለዚህ የእነሱ አገር ወፎች በብዛት የሚራቡት ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ባለው ጊዜ ነው።

የእኛ አገር ግን እንዲህ አይደለም። እኛ ዘንድ ወቅቱን የሚለየው ዝናብ ነው። የበልግ ዝናብ ሲጥል አንዳንድ ወፎች ጎጆ መሥራት ይጀምራሉ። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሥራው ይበዛል። ለምን? ዝናብ ሲዘንብ ሣር ይበቅላል። ሣር ሲበቅል ትልና ፌንጣ ይበዛል። ሣሩ ሲያፈራ ደግሞ ፍሬው ለወፍ ምግብ ይሆናል። እናት ወፍም ጫጩቶቿን የምትፈለፍለው ምግብ በሚገኝበት ጊዜ ነው። ገበሬ ዝናብ አይቶ እንደሚዘራ፣ ወፍም ዝናብ አይታ ትፈለፍላለች ማለት ነው።

እርግጥ ሁሉም ወፍ አንድ ዓይነት አይደለም። እርግብና ዋኔ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ይፈለፍላሉ። ጥንብ አንሳና አንዳንድ አሞሮች ደግሞ የሚመርጡት በጋውን ነው። ነገር ግን በአጥራችንና በጓሯችን ለሚኖሩት ለብዙዎቹ ትንንሽ ወፎች ዋናው ወራት ከበልግ እስከ ጥቅምት ያለው ነው።

የመስቀል ወፍን እንመልከት። ብዙ ሰው «በመስከረም ብቻ መጥታ ትሄዳለች» ይላል። በዚህ ስም ከሚጠሩት ወፎች መካከል ግን ብዙዎቹ ወዴትም አይሄዱም። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸው። በበጋ ወንዱ እንደ ሴቷ ቡናማ ስለሆነ ማንም አይለየውም። ክረምት ሲመጣ ላባውን ይለውጣል። አንዳንዱ ጥቁርና ቢጫ፣ አንዳንዱ ጥቁርና ቀይ ይሆናል። ረጅም ጭራ የሚያበቅልም አለ። ይህን የሚያደርገው ሴቷን ለመማረክ ነው። ስለዚህ የመስቀል ወፍ ስታዩ «እንግዳ መጣ» አትበሉ። «የሰርጉ ልብስ ተለበሰ፤ ጎጆ በቅርብ አለ» በሉ።

2. ጎረቤቶቻችንን እንወቅ

በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ታይተዋል። አንዳንዶቹ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የሉም። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፣ በየቀኑ ስለምናያቸው ብርቅ አይመስሉንም።

ጋጋኖ፦ ጠዋትና ማታ በቡድን እየጮኸ በሰማይ ያልፋል። ምንቃሩ ረጅምና ቆልማማ ነው። ከጉሮሮው ሥር የተንጠለጠለ ቆዳ አለው። በመስክ ላይ እየሄደ መሬቱን በምንቃሩ እየወጋ ትል ያወጣል። ይህ ወፍ የሚገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ ነው።

ባለ ነጭ አንገት እርግብ፦ በቤተ ክርስቲያን ጣራ፣ በገደልና በፎቅ ላይ ጎጆ ትሠራለች። እሷም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የለችም።

ትልቁ ቁራ፦ ምንቃሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ነው። በዓለም ካሉት የቁራ ወገኖች ትልልቅ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይኖርም።

አበባ የምትቀስመው ትንሽ ወፍ፦ ምንቃሯ ቀጭንና ቆልማማ ነው። ከእነዚህ ወገን አንዷን ሊቃውንት በተከዜ ወንዛችን ስም ይጠሯታል። ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ሐምራዊ ሆኖ ያብረቀርቃል። ጎጆዋ እንደ ትንሽ ከረጢት ከቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። ሣሩን የምታያይዘው በሸረሪት ድር ነው።

ጎጆ ሠሪው ቢጫ ወፍ፦ ወንዱ የሣር ቅጠል በምንቃሩ እየሰነጠቀ እንደ ሸማኔ ይሠራል። መርፌ የለውም፤ ክር የለውም። ጎጆው ግን ዝናብ አያስገባም።

ድንቢጥ፦ ይችን የማያውቅ የለም። ከጣራ ክዳን ሥርና ከግድግዳ ቀዳዳ ውስጥ ትኖራለች።

ጉጉት፦ ብዙ ሰው «ሟርተኛ ናት» እያለ ይወግራታል። የጉጉት ሥራ ግን ሌሊት አይጥ መያዝ ነው። ጫጩት ሲኖራት ደግሞ የምትይዘው አይጥ ይበዛል። በጎተራችን ያለውን እህል የሚበላው አይጥ ነው ወይስ ጉጉት? መልሱን እናንተው ታውቁታላችሁ።

3. «ወፍ እኮ ጠላታችን ነው!»

ይህን ትምህርት በክፍል ስናነብ አንድ አባት እጃቸውን አውጥተው ተናገሩ። «ልጄ፣ ጥሩ ነው ያነበብከው። ነገር ግን ወፍ እኮ ጠላታችን ነው። ገብሱ ሲያሽት ቀኑን ሙሉ ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ ይጮኻል። ያ ልጅ በዚያ ቀን ትምህርት ቤት አይሄድም። ታዲያ ጠላታችንን እንዴት እንርዳ ትለናለህ?» አሉ።

ጥያቄያቸው ትክክለኛ ነው። ወፍ እህል አይበላም ብንል ውሸት ይሆናል። ድንቢጥና ጎጆ ሠሪው ወፍ ያሸተ እህል ይበላሉ። በስምጥ ሸለቆና በሌሎች ቆላ ቦታዎች ያለው ግሪሳ ደግሞ በመንጋ መጥቶ የማሽላ ማሳ ባዶ የሚያደርግ ከባድ ተባይ ነው። የግሪሳ ነገር የተለየ ነው፤ የአንድ ገበሬ ወንጭፍም አይበቃውም። ነገር ግን ግሪሳ ያደረገውን በእንጦጦ ግርጌ ባለችው ወፍ ላይ መጫን፣ በሌባው ፈንታ ጎረቤቱን ማሰር ነው።

አሁን ልብ በሉ። እህል የሚበላው ወፍ እንኳ ለትንንሽ ጫጩቶቹ እህል አይሰጥም። ድንቢጥን ተመልከቱ። ጫጩቷ ገና ላባ ሳታወጣ ሆዷ ጠንካራ እህል አይፈጭም። ለማደግም ሥጋ ነክ ምግብ ያስፈልጋታል። ስለዚህ እናትና አባት ትል፣ ኩብኩባና ፌንጣ እየለቀሙ ያመጡላታል። ይህም የሚሆነው በክረምት ነው። በዚያን ጊዜ የእኛ ጤፍና ገብስ ገና ለጋ ነው፤ ጎመኑም በጓሮ አለ። እህሉን ትል የሚበላበት ጊዜና ወፍ ትል የምትለቅምበት ጊዜ አንድ ላይ ይውላል ማለት ነው።

አንድ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ጥንድ ወፎች በአንድ ሰዓት ውስጥ 10 ጊዜ ምግብ ይዘው ወደ ጎጆ ይመጣሉ ብለን እናስብ። በቀን 10 ሰዓት ቢሠሩ 10 ጊዜ 10፣ 100 ይሆናል። በ15 ቀን ደግሞ 100 ጊዜ 15፣ 1500 ይሆናል። ይህ ከአንድ ጎጆ ብቻ ነው። እኔ የሰጠሁት ቁጥር ለሒሳቡ ያህል ነው። እውነተኛውን ቁጥር ለማወቅ ከፈለጋችሁ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። ወፏ ወደ ጎጆዋ በገባች ቁጥር አንድ ጠጠር ጣሉ። በሰዓት መጨረሻ ጠጠሩን ቁጠሩ። ይህን ልጆች ቢያደርጉት ሒሳብም ይማሩበታል።

የሌላ አገር ገበሬዎች በዚህ ነገር ተጎድተዋል። በ1950 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1958) በቻይና አገር አራት ተባዮችን ለማጥፋት ትልቅ ዘመቻ ተደረገ። አራቱም አይጥ፣ ዝንብ፣ ትንኝና ድንቢጥ ነበሩ። ድንቢጥ የገባችው «እህል ትበላለች» ተብላ ነው። ሕዝቡ ድስትና ከበሮ እየመታ ወፎቹ እንዳያርፉ አደረገ። ወፎቹም ደክመው እየወደቁ ሞቱ። ጎጆ ፈረሰ፣ እንቁላል ተሰበረ። ከዚያስ? ትልና አንበጣ የሚለቅም ጠፋና ተባዩ በዛ። የአገሩ የወፍ ሊቃውንትም የድንቢጦችን ሆድ መርምረው፣ በጫጩት ጊዜ የሚለቅሙት ተባይ ብዙ መሆኑን አሳዩ። በ1952 ዓ.ም. ድንቢጥ ከጠላቶች ዝርዝር ወጣች። በእሷም ቦታ ትኋን ገባ። በእነዚያ ዓመታት በቻይና ታላቅ ረሀብ ሆነ። ለረሀቡ ሌሎች ብዙ ምክንያቶች ነበሩት፤ የወፎቹ መጥፋት ግን ጉዳቱን አባባሰ እንጂ አልቀነሰም።

ስለዚህ ለአባታችን ጥያቄ የተሰጠው መልስ እንዲህ ነው። እህል ሲያሽት ወፍ ከማሳ መከላከል ተገቢ ነው። ማስፈራሪያ ማቆም፣ መጮኽ፣ ጅራፍ ማጮኽ ነውር የለውም። በክረምት ግን ጎጆ ማፍረስና እንቁላል መስበር የራስን ሠራተኛ ማባረር ነው።

4. እንጦጦና ወፎቹ

በድሮ ጊዜ እንጦጦ የጽድና የወይራ ደን ነበረበት። ከተማ ሲቆረቆር ደኑ ለቤትና ለማገዶ ተቆረጠ። እንጨት በመጥፋቱም በ1880ዎቹ ዓ.ም. ገደማ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ እንዲመጣ ተደረገ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል። ለቤትና ለማገዶ ጠቅሟል፤ ይህን ማንም አይክድም። በአበባው ወራት ማር ቀሳሚ ወፎችም ይጎበኙታል። አሞራና ቁራም ረጃጅሙ ዛፍ ላይ ጎጆ ይሠራሉ።

ነገር ግን ከባሕር ዛፍ ሥር ቁጥቋጦ እምብዛም አይበቅልም። የወደቀው ቅጠል ደግሞ ለምጣድ ማገዶ ተጠርጎ ይወሰዳል። መሬቱ ራቁቱን ይቀራል። ቁጥቋጦ ከሌለ ትንሿ ወፍ ጎጆዋን የት ትሠራለች? የበሰበሰ ቅጠል ከሌለስ ትል ከየት ታገኛለች?

ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ብሳና፣ ቀጋ፣ አጋም፣ አምጃና ኮሸም ግን ለወፍ ቤትም ምግብም ናቸው። ወፍም ውለታውን ትመልሳለች። የወይራ ወይም የጽድ ፍሬ በልታ ትሄድና ዘሩን ሌላ ቦታ ትጥለዋለች። ያለ ደመወዝ ደን ትተክላለች ማለት ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የቆሙት አሮጌ ዛፎችም ለወፎች ትልቅ መጠጊያ ሆነዋል።

የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፍቷል። ከዚያ በፊት በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ የችግኝ ተከላ በአገሪቱ ተጀምሯል። ችግኝ ስንተክል የአገራችንን ዛፍ ብንመርጥ ለወፍም ለአፈርም እንጠቅማለን።

እንጨትና ቅጠል ለቅመው በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ግን መውቀስ አይገባም። ምጣድ ያለ ማገዶ አይሰማም። የሚሻለው በመግባባት መሥራት ነው። ለምሳሌ በቁጥቋጦውና በወንዙ ዳር ያለው ቅጠል በክረምት ሳይጠረግ ቢቀር፣ ለአፈሩም ለወፉም ይበጃል። በቀበና ወንዝና በሌሎቹ ጅረቶች ዳር ያለው አፈርም በጎርፍ አይታጠብም።

5. ምን እናድርግ?

ሀ. አጥርና ቁጥቋጦ የምንከረክመው ከኅዳር እስከ ጥር ይሁን። በክረምት መቁረጥ የግድ ከሆነ፣ ከመቁረጣችን በፊት ውስጡን እንመልከት። ጎጆ ካለ ያን ክፍል ጫጩቶቹ እስኪበሩ እንተወው። ብዙዎቹ ትንንሽ ወፎች ከእንቁላል እስከ መብረር የሚፈጅባቸው አንድ ወር ገደማ ነው። አንድ ወር መታገሥ አይከብድም።

ለ. የቀጋ፣ የአጋምና የኮሸም አጥር እንትከል። እሾሁ ከብት ያግዳል፤ ለወፍም ከድመት መከላከያ ይሆናል። ፍሬውን ደግሞ ልጆችም ወፎችም ይበሉታል።

ሐ. ከጓሮ አንድ የደረቀ ዛፍ ካለ፣ ቤት ላይ የማይወድቅ ከሆነ እንተወው። ግንደ ቆርቁር ይቦረቡረዋል። እሱ ሲለቀው ሌላ ወፍ ይገባበታል።

መ. አሮጌ ቅል በሁለት ጣት ስፋት ቀዳዳ አውጥተን፣ ዝናብ በማይመታው ቦታ ከፍ አድርገን እንስቀል። ውሃ እንዳይቋጥር ከሥሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይኑሩት። ድንቢጥ ትገባበታለች፤ የጣራችንን ክዳንም ትተዋለች።

ሠ. በበጋ ውሃ በገበታ ወይም በተሰበረ ምጣድ ላይ እናስቀምጥ። ጥልቀቱ ከሁለት ጣት አይበልጥ። ውሃውን በየቀኑ እንለውጠው፤ አለዚያ ይቆሽሻል፣ ትንኝም ይራባበታል።

ረ. የአውድማ ጥራጊና የእህል እንክትካች እንስጣቸው። የሻገተ እንጀራ፣ የሻገተ ዳቦና ጨው የበዛበት ነገር ግን አንስጥ። ሻጋታ ወፍንም ዶሮንም ይገድላል።

ሰ. ጫጩት መሬት ላይ ብናገኝስ? ላባ አውጥታ የምትዘል ከሆነች መብረር እየተማረች ነው። እናቷ በአቅራቢያ አለች። ድመትና ውሻ አርቀን እንተዋት። ላባ የሌላት ራቁቷን ከሆነች ግን ወደ ጎጆዋ ቀስ አድርገን እንመልሳት። «የሰው እጅ ከነካት እናቷ ትጥላታለች» የሚባለው ትክክል አይደለም። ወፍ ልጇን በሰው ጠረን ምክንያት አትጥልም።

6. ምን አናድርግ?

ሀ. ልጆች ጎጆ በወንጭፍ እንዳይመቱ፣ እንቁላልም ለጨዋታ እንዳያወጡ እንምከራቸው። መምታት ብቻ ሳይሆን ጎጆ ላይ ቆሞ ማፍጠጥም ወፏን ያባርራታል። እሷ ስትርቅ እንቁላሉ ይበርዳል።

ለ. የተባይ መድኃኒት ስንረጭ እንጠንቀቅ። መርዝ የነካውን ትል ወፍ ትበላለች፤ ለጫጩቷም ትሰጣለች። ዲዲቲ የተባለው መድኃኒት ከትል ወደ ወፍና ወደ ዓሣ፣ ከዚያም ወደ ጭልፊት ወገን እየተላለፈ የእንቁላላቸውን ቅርፊት አሳስቶ ነበር። እናቲቱ ስትታቀፈው ይሰበራል። አሜሪካ ይህን መድኃኒት በ1964 ዓ.ም. ለእርሻ እንዳይውል ከለከለች። የእርሻ ባለሙያ ሳንጠይቅ፣ መጠኑንም ሳናውቅ ምንም አንርጭ። የጓሮ ጎመን ትል ጥቂት ከሆነ በእጅ መልቀም ይሻላል።

ሐ. አይጥ በመርዝ ስንገድል የሞተውን አይጥ ሜዳ ላይ አንጣለው። ጉጉትና አሞራ በልተውት ይሞታሉ። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረን እንቅበረው።

በአንድ ቤት አጥር ብቻ የሚሠራ ሥራ ብዙም አይታይም። አንዱ ጎጆ ሲጠብቅ ሌላው ካፈረሰ ምን ይጠቅማል? ስለዚህ ጉዳዩ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ይነሣ። «በክረምት አጥር አይቆረጥም፤ ጎጆ አይፈርስም» የሚል ስምምነት ይደረግ። ደንቡም ተጽፎ ሁሉም በሚያየው ቦታ ይለጠፍ። እናንተ አሁን መጻፍ ታውቃላችሁ፤ ጸሐፊ ፍለጋ ከተማ መውረድ አያስፈልግም።

አዳዲስ ቃላት

መራባት፦ ወልዶ ወይም ፈልፍሎ መብዛት።
መታቀፍ፦ ወፍ እንቁላሏን በሰውነቷ ማሞቅ።
ተባይ፦ እህልን፣ ከብትን ወይም ሰውን የሚጎዳ ትንሽ ፍጥረት።
አገር በቀል፦ ከሌላ አገር ያልመጣ፣ የአገሩ ተክል።

ጥያቄዎች

1. በአገራችን ብዙዎቹ ትንንሽ ወፎች በዝናብ ወራት የሚራቡት ለምንድን ነው?
2. የመስቀል ወፍ በበጋ የማትታየው ለምንድን ነው?
3. በኢትዮጵያና በኤርትራ ብቻ የሚገኙ ሁለት ወፎችን ስም ጻፉ።
4. አንድ ጥንድ ወፎች በሰዓት 8 ጊዜ ምግብ ቢያመጡ፣ በቀን 10 ሰዓት ቢሠሩ፣ በ15 ቀን ስንት ጊዜ ያመጣሉ?
5. በእናንተ አጥር ውስጥ ስንት ጎጆ አለ? ሳትነኩ ቁጠሩና በደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ከሚቀጥለው ክረምት ጋርም አስተያዩ።